የጡት ነቀርሳ ይበልጥ የሚያሠጋቸውን ሴቶች ስለ መመርመር፤ የልዩ ልዩ መንገዶች ታሪክ ከውቤ በረሃ ሲታይ

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ነገር በመጽሐፍ ያገኘነው ሳይሆን በአንድ ቤት ደጃፍ የሰማነው ነው። በደጃች ውቤ ሰፈር፥ ሕዝቡ «ውቤ በረሃ» እያለ በሚጠራው የአራዳ ክፍል፥ ስለ ሰፈሩ የቀድሞ ኑሮ ለመጠየቅ ሄደን ሳለ፥ በእድሜ የገፉ አንዲት እመቤት የነገሩን ነገር ይዘነው ከሄድነው ጥያቄ ሁሉ በለጠብን። ስለ ጠጅ ቤቶችና ስለ አዝማሪዎች ስንጠይቃቸው ጥቂት ከመለሱልን በኋላ፥ «እናንተ የተማራችሁ ልጆች፥ እኔም አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እናቴ በጡቷ ሞተች፤ ታላቅ እኅቴም በጡቷ ሞተች። እኔን እግዜር አለፈኝ። ልጄን ግን ማን ያይልኛል? በምንስ ያያታል?» አሉን። እኛ የታሪክ ተማሪዎች እንጂ የሕክምና ተማሪዎች አይደለንምና የምንመልሰው አጥተን ዝም አልን። ወደ ኮሌጅ ስንመለስ ግን «በምን ያያታል» የሚለው ጥያቄ በራሱ የታሪክ ጥያቄ መሆኑ ታየን። ሐኪሞች ይህን ደዌ ገና ሳይገለጥ ለመፈለግ አንድ ጊዜ በእጅ፥ አንድ ጊዜ በጨረር፥ አንድ ጊዜ በድምፅ ሞገድ፥ አንድ ጊዜም በማግኔት ሲሞክሩ ኖረዋል። ከነዚህ የትኛው ለየትኛዋ ሴት እንደሚበጅ የተለየው በክርክርና በብዙ ዓመት ልፋት ነው።

አንባቢ እንዳይሳሳት አንድ ነገር እናስቀድም። ከዚህ በታች የምንጽፋቸው ዓመቶች «ዓ.ም.» የሚል ካልታከለባቸው በቀር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ስለ ሰፈሩ በመጠኑ መናገር ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ጥያቄው ለምን ከዚያ ደጃፍ እንደ ተነሣ አይገባም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ነው። «በረሃ» የሚለውን ቅጽል የጨመረለት ግን ሕዝቡ ነው፤ ከጣሊያን መውጣት በኋላ በነበሩት ሠላሳ ዓመታት ገደማ ሰፈሩ በሌሊት ሕይወቱ፥ በጠጁና በሙዚቃው የታወቀ ስለ ነበረ፥ የገባበት ሰው ቶሎ አይወጣም ለማለት ይመስላል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ የሰዓት እላፊ ገደብ ሲታወጅ ያ ሁሉ ከሰመ። ብዙዎች ስለ ውቤ በረሃ ሲጽፉ የሚያነሡት ጐረምሶቹንና ዘፈኑን ነው፤ እኛ ግን ከዚያ ሁሉ ጀርባ የነበሩትን ሴቶች እናስባለን። ከነርሱም ብዙዎቹ ከየክፍለ ሀገሩ ብቻቸውን የመጡ፥ አንዳንዶቹ ከጋብቻ የሸሹ፥ አንዳንዶቹ ስማቸውን የለወጡ፥ ከዘመድ ጋር የተቈራረጡ ነበሩ። ልጅ የወለዱትም ልጃቸው አክስቷን ወይም አያቷን ሳታውቅ አደገች። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ሌላው መሰናክል ከቋንቋችን የሚነሣ ነው። በአማርኛ «ነቀርሳ» ስንል ዛሬ ካንሰር የሚባለውን ማለታችን ነው፤ ነገር ግን «የሳምባ ነቀርሳ» ስንል በተሐዋስያን የሚመጣውን፥ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈውን፥ በመድኃኒትም የሚድነውን ደዌ ማለታችን ነው። አንድ ስም ለሁለት ፍጹም የተለያዩ በሽታዎች ተሰጠ። እመቤቲቱም እኅታቸው ታመው ሳሉ ጎረቤት ዕቃቸውን እየለየ ይጠጣ እንደ ነበረ አጫውተውናል። የጡት ነቀርሳ ግን አይጋባም። ስሙ ባመጣው ስሕተት ምክንያት የታመመች ሴት ከሰው ተለየች፤ ያየችም ደበቀች። ስለዚህ ስለ መመርመሪያ መሣሪያ ከመናገር በፊት፥ ሴቲቱ «አለብኝ» ብላ ለመናገር የምትደፍርበት ቃል ያስፈልግ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

«መመርመር» የሚለውንም ቃል እንለይ። ታማ ወደ ሐኪም የሄደችን ሴት መመርመር አንድ ነገር ነው፤ ደኅና ነኝ የምትልን ሴት ጠርቶ መመርመር ሌላ ነገር ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን በየመንፈቁ በሰልፍ ቆመን የዐይናችን ቆብ እየተገለበጠ ለትራኮማ የምንታይ ነበርን፤ ማናችንም ዐይኔን አመመኝ አላልንም። አሁን የምንናገረው ስለዚህ ዐይነቱ ነው። በዚህ ሥራ ደግሞ ሁልጊዜ ሁለት ስሕተት አለ፤ ያለውን በሽታ ማለፍ፥ የሌለውንም አለ ብሎ ጤነኛይቱን ማስደንገጥና ያለ ምክንያት ማስቀደድ። የመንገዶቹ ታሪክ በሙሉ በነዚህ በሁለቱ ስሕተቶች መካከል የሚደረግ ሚዛን ነው።

በመጀመሪያ፥ ይበልጥ የሚያሠጋት ሴት የትኛዋ እንደ ሆነች እንዴት ታወቀ? በ18ኛው መቶ ዓመት መባቻ የፓዱዋው ሐኪም ራማዚኒ ይህ ደዌ በመነኮሳይያት ላይ ከሌሎች ሴቶች ይልቅ እንደሚበዛ ጽፎ ነበር። ምክንያቱን በትክክል ባያውቀውም የተመለከተው እውነት ነበር፤ አለመውለድና አለማጥባት አደጋውን በመጠኑ እንደሚጨምሩ ዛሬ ተረጋግጧል። በ1866 ደግሞ የፈረንሳዩ ቀዶ ሐኪም ብሮካ የሚስቱን ቤተ ሰብ የዘር ሐረግ አውጥቶ ጻፈ፤ ከ24 ሴቶች 10ሩ በጡት ነቀርሳ መሞታቸውን አገኘ። ሐኪሙ ይህን ለመጻፍ መሣሪያ አላስፈለገውም፤ የሚስቱ ዘመዶች እነማን እንደ ነበሩና በምን እንደ ሞቱ የሚያስታውስ ሰው መኖሩ በቃው። በ1926 እንግሊዛዊቱ ሐኪም ጃኔት ሌን ክሌይፖን 500 ታማሚዎችንና 500 ጤነኞችን ጎን ለጎን አቁማ ስለ ትዳራቸው፥ ስለ ልጆቻቸውና ስለ ማጥባታቸው በመጠየቅ ዛሬም የሚሠራበትን የጥናት መንገድ አሳየች። በ1990 አሜሪካዊቱ ሜሪ ክሌር ኪንግ ብሮካ ያየው ነገር በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኝ መሆኑን አስታወቀች፤ በ1994 ያ ጂን ተለይቶ ቢ.አር.ሲ.ኤ. አንድ ተባለ፥ በዓመቱም ሁለተኛው ተከተለ። ከነዚህ ጂኖች በአንዱ ጉድለት ያለባት ሴት እስከ 80 ዓመቷ ድረስ በጡት ነቀርሳ የመያዝ ዕድሏ ከመቶ 70 ያህል ነው። እናትና እኅት የሞቱባት ሴት ሁሉ ይህ ጉድለት አለባት ማለት አይደለም፤ ነገር ግን አደጋዋ ከጎረቤቷ ከፍ ይላል፥ መጠየቅም ይገባታል።

ወደ መንገዶቹ እንግባ። ከሁሉ የቀደመው እጅ ነው። የኒው ዮርኩ ቀዶ ሐኪም ሐገንሰን ሴት የገዛ ጡቷን በየወሩ እየዳሰሰች እንድታይ አጥብቆ ያስተምር ነበር፤ በ1950ም የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ይህንኑ የሚያስተምር ፊልም አሠራ። ነገሩ መልካም ነው፥ ገንዘብም አይጠይቅም፤ ስለዚህ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ማንም ሳይፈትነው ሲመከር ኖረ። የተፈተነው በቻይና ነው። በሻንጋይ ከተማ ከ1989 ጀምሮ በ519 የጨርቅ ፋብሪካዎች የሚሠሩ 266 ሺህ ያህል ሴቶች በሁለት ተከፍለው፥ እኩሌቶቹ ራስን መዳሰስ በጥንቃቄ ተማሩ፥ እኩሌቶቹ ግን አልተማሩም። ውጤቱ በ2002 ሲታተም በተማሩት ወገን 135፥ ባልተማሩት ወገን 131 ሴቶች በዚሁ ደዌ ሞተው ተገኙ። ለውጥ አልነበረም፤ ይልቁንም በተማሩት ወገን ነቀርሳ ላልሆነ እባጭ የተቀደዱት በዝተው ነበር። እኛ ይህን ስናነብ ተገርመናል፤ ምክንያቱም በአገራችን በሬዲዮና በጥቅምት ወር ስብሰባ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነውና። ነገር ግን የሻንጋይን ውጤት እንዳለ ወደ አዲስ አበባ ማምጣት ተገቢ መስሎ አይታየንም። የሻንጋይ ሠራተኞች ሳይማሩም ቢሆን እባጩን ገና ሳያድግ ይዘው ወደ ፋብሪካው ሐኪም የሚሄዱ ነበሩ። በእኛ አገር እባጩ ቆዳ ሲያፈነዳ የምትመጣ ሴት ገና ብዙ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጣት ጥበብ ሳይሆን ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደው መንገድ ርዝመት ነው።

ሁለተኛው ጨረር ነው። በ1913 የበርሊኑ ቀዶ ሐኪም ሳሎሞን በቀዶ ጥገና የወጡ 3000 ያህል ጡቶችን በራጅ አንሥቶ ነቀርሳው በፎቶው ላይ የሚታይበትን መልክ ገለጠ። ሥራው ለብዙ ዘመን ተረስቶ ኖሮ በኋላ በኡራጓይ ሌቦርኝ፥ በ1960 ገደማ በአሜሪካ ኢጋን፥ ቀጥሎም በፈረንሳይ ግሮ ለጡት ብቻ የሚሆን የራጅ መሣሪያና ዘዴ አዘጋጁ። ማሞግራፊ የሚባለው ይህ ነው። በ1963፥ ማለት ውቤ በረሃ በጠጅና በሙዚቃ በደመቀበት ዘመን፥ ሻፒሮ፥ ስትራክስና ቬኔት የሚባሉ ሰዎች በኒው ዮርክ 62 ሺህ ሴቶችን ከፍለው እኩሌቶቹን በየዓመቱ በእጅም በራጅም እንዲታዩ ጠሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በተጠሩት ወገን ሞቱ በሲሶ ያህል ማነሱ ታወቀ። ዓለም ሁሉ ማሞግራፊን የተቀበለው ከዚህ ጥናት ተነሥቶ ነው።

ሆኖም ጥናቱን አስተውሎ ያነበበ ሰው የሚያገኘው ሌላም ነገር አለ። በዚያ ምርመራ ከተገኙት ነቀርሳዎች እኩሌታ የሚጠጋው የተገኘው በእጅ ብቻ ነው፤ በራጅ ብቻ የተገኘው ሲሶው ነው። የዘመኑ ራጅ ደካማ ስለ ነበረ ነው የሚሉ አሉ፥ እውነትም አላቸው። ነገር ግን ስለ ማሞግራፊ ድል ሲነገር የእጁ ድርሻ ከታሪኩ ወጥቶ ቀርቷል። ከ1980 ጀምሮ በካናዳ 90 ሺህ በሚያህሉ ሴቶች ላይ የተደረገው ጥናት ይህን ጥያቄ እንደገና አነሣው፤ እድሜያቸው ከ50 እስከ 59 የሆኑት ሁሉም በሠለጠነ እጅ ሲታዩ እኩሌቶቹ ማሞግራፊ ተጨመረላቸው፥ ከ25 ዓመት በኋላም በሞት ረገድ ልዩነት አልታየም። ይህ ጥናት ሴቶቹ የተከፈሉበት መንገድ ትክክል አልነበረም ተብሎ እስከ ዛሬ ይነቀፋል፤ ክርክሩ ስላላለቀ እኛም ፈራጅ ሆነን አንቀመጥም። ለጉዳያችን የሚበቃን ይህ ነው፤ በወጣት ሴት ጡት ውስጥ ሥጋው ጥቅጥቅ ያለ ስለ ሆነ በራጅ ፎቶ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፥ ነቀርሳውም ነጭ ነው። በበረዶ ላይ ነጭ በግ እንደ መፈለግ ነው ብሎ አንድ መምህራችን አስረድቶናል፤ በረዶ አይተን ስለማናውቅ በጉም ውስጥ ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው መፈለግ ብንል ይሻላል።

ሦስተኛው የሠለጠነ ሰው እጅ ነው፤ ሴቲቱ ራሷን የምትዳስስበት ሳይሆን ተምራ የመጣች ሠራተኛ የምትዳስሳት ማለት ነው። ይህ በሕንድ አገር በሙምባይ ከተማ ተፈተነ። ከ1998 ጀምሮ ከ151 ሺህ በላይ ሴቶች በድኻ ሰፈሮች ውስጥ ተመዘገቡ፤ መርማሪዎቹ ሐኪሞች ሳይሆኑ በጥቂት ጊዜ የሠለጠኑ የጤና ሠራተኛ ሴቶች ነበሩ፥ በየሁለት ዓመቱም ይመጡ ነበር። በ2021 በታተመው ውጤት በተመረመሩት ወገን ነቀርሳው ገና ሳይገፋ የተገኘባቸው በዙ። ሞቱ በጠቅላላው በ15 በመቶ ቢያንስም ይህ በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል ከማለት የሚያስጥል አልነበረም፤ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ሴቶች ግን በ30 በመቶ ያህል ቀነሰ። ከ50 በታች ባሉት ላይ ይህ አልታየም። ሙምባይን ከኒው ዮርክ ይልቅ ለእኛ ቅርብ የሚያደርገው ብዙ ነገር ስላለ ይህ ጥናት በሕክምና ትምህርት ቤታችን ውስጥ ከሚጠቀሰው ይበልጥ መጠቀስ የሚገባው ይመስለናል።

እስካሁን ያልናቸው ሁሉ ስለ ሴቶች በጅምላ የተደረጉ ናቸው። የእመቤቲቱ ልጅ ግን በጅምላ የምትቈጠር አይደለችም። ለርሷ ለመሰሉት ሴቶች ልዩ ጥናት የተደረገው ጂኖቹ ከታወቁ በኋላ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በጀርመን አገር ሐኪሞች በደም ሥር የሚሰጥ ቀለም ጨምረው ጡትን በኤም.አር.አይ. ማንሣት ጀመሩ፤ ይህ መሣሪያ በማግኔት ስለሚሠራ የጡቱ ሥጋ መጠቅጠቅ ብዙም አያግደውም። በ2004 የታተመው የሆላንድ ጥናት በዘር የሚያሠጋቸውን 1909 ሴቶች በሦስት መንገድ መርምሮ አነጻጸረ። የሚዛመተውን ነቀርሳ በማግኘት ረገድ የሠለጠነ እጅ ከመቶ 18 ያህል፥ ማሞግራፊ ከመቶ 33 ያህል፥ ኤም.አር.አይ. ከመቶ 80 ያህል አገኙ። በዚያው ዓመት በካናዳ የጂን ጉድለት ባለባቸው 236 ሴቶች ላይ የተደረገው ጥናት አልትራሳውንድን ጨምሮ ሲመዝን፥ ኤም.አር.አይ. 77፥ ማሞግራፊ 36፥ አልትራሳውንድ 33፥ እጅ 9 ከመቶ ሆኑ። ቁጥሮቹ በግልጥ ይናገራሉ።

ሁለተኛውን ስሕተት ግን አንርሳ። በሆላንዱ ጥናት ከመቶ ጤነኛ ሴቶች እጅ በከንቱ የጠረጠራት ሁለት ያህሏን ነው፤ ማሞግራፊ አምስት፥ ኤም.አር.አይ. ግን አሥር። በአምስተርዳም በከንቱ የተጠረጠረች ሴት በሳምንት ውስጥ በመርፌ ናሙና ተወስዶላት እፎይ ትላለች። የናሙናው መልስ ለወራት በሚቈይበት አገር ግን ይህች አሥረኛዋ ሴት ምን ትሆናለች? በእኛ መካከል ክርክር የተነሣው በዚህ ላይ ነው። አንደኛው ጓደኛችን፥ «ከመቶ 80 የሚያገኝ መሣሪያ እያለ ከመቶ 18 በሚያገኘው እንርካ ማለት ድኻ ይሙት ማለት ነው» አለ። በአዲስ አበባ ኤም.አር.አይ. ያላቸው ሆስፒታሎችና የግል ማዕከሎች አሉ፤ ስለዚህ ነገሩ ፈጽሞ የማይቻል አይደለም ሲል ተከራከረ። በ2024 የታተመ ከ11 አገሮች የተሰበሰበ ጥናት የቢ.አር.ሲ.ኤ. አንድ ጉድለት ያለባቸው ሴቶች በኤም.አር.አይ. ሲታዩ ሞታቸው እጅግ ያነሰ መሆኑን ማሳየቱንም አስታወሰን። የቀረነው የመለስንለት፥ ያ ጥናት ጉድለቱ እንዳለባቸው በደም ምርመራ አስቀድመው የታወቁትን የሚመለከት ነው፥ የውቤ በረሃዋ ሴት ግን አያቷ በምን እንደ ሞተች እንኳ አታውቅም የሚል ነበር። ሁለታችንም ወገን ልክ ነን ብለን ተለያየን።

በአገራችን የሆነውን እንይ። ከዐድዋ በኋላ በ1896 የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው በአዲስ አበባ ሐኪም ቤት አቆሙ፤ ምኒልክ ሆስፒታል በ1902 ዓ.ም. ገደማ ተከተለ፤ ለውቤ በረሃ የሚቀርበው፥ በስድስት ኪሎ ያለውና ዛሬ የካቲት 12 የሚባለው ሆስፒታል፥ በ1920ዎቹ ራስ ተፈሪ ቤተ ሳይዳ ብለው ያቋቋሙት ነው። እነዚህ ሁሉ የመጣውን በሽተኛ ያክሙ ነበር እንጂ ጤነኛውን ጠርተው የሚመረምሩ አልነበሩም። ሴቶችን ጠርቶ መመርመር በከተማችን የጀመረው በሚያሳዝን መንገድ ነው፤ በወረራው ዘመን የጣሊያን አስተዳደር ሴተኛ አዳሪዎችን ስለ አባላዘር በሽታ በሐኪም እያስመረመረ ለመቈጣጠር ሞክሮ ነበር። የተመረመረችው ሴት እንድትድን ሳይሆን ወታደሩ እንዳይታመም ነበር የታሰበው። «ምርመራ» የሚለው ቃል በዚያ ሰፈር ባሉ አሮጊቶች ጆሮ እስከ ዛሬ ደስ የማይል ሆኖ ከተሰማ የሚያስደንቅ አይደለም።

የሕክምና ፋኩልቲ በ1964 ተቋቋመ። ለነቀርሳ የሚሆን የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ተጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ ለአገሪቱ በሙሉ ብቸኛው ሆኖ ቈየ። በ2011 በዚያው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ተከፈተ። መዝገቡ ከያዛቸው ሴቶች ከሦስቱ አንዷ ገደማ የታመመችው በጡት ነቀርሳ ነው፤ የማኅፀን በር ነቀርሳ በሁለተኛ ደረጃ ይከተላል። ከ2005 እስከ 2010 በጥቁር አንበሳ የታከሙ 1070 ሴቶች ታሪክ ተመርምሮ በ2014 ሲታተም መካከለኛ እድሜያቸው 43 ዓመት ሆኖ ተገኘ። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ ቁጥር ከ60 ዓመት ይጠጋል። ለዚህ ልዩነት አንዱ ምክንያት ሕዝባችን በጠቅላላው ወጣት መሆኑ ነው፤ ምክንያቱ ምንም ቢሆን ውጤቱ ግን ግልጥ ነው። ማሞግራፊ ከሁሉ የሚደክመው በነዚህ እድሜዎች ነው። የሠለጠነ እጅም በሙምባይ ከሁሉ ያልረዳው በነዚህ እድሜዎች ነው። የእኛ ሴቶች በሁለቱም ጥናቶች ክፉ ጎን ላይ ቆመዋል።

በ2015 የወጣው ብሔራዊ የካንሰር መከላከያ እቅድ ለጡት የመረጠው ምልክቱን ቶሎ ማወቅንና በሠለጠነ እጅ መታየትን ነው፤ ማሞግራፊን ለሕዝብ ሁሉ አላዘዘም። አንዳንዶች ይህን የድህነት ምርጫ ይሉታል። ከላይ የጻፍነውን የተከታተለ ሰው ግን ከድህነት በላይ ምክንያት እንዳለው ያያል። እኛ የምንነቅፈው ሌላ ነው፤ እናትና እኅት የሞቱባትን ሴት ከሌላዋ ለይቶ የሚይዝበት በር በየጤና ጣቢያው አለመታየቱን ነው። ይህ እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌ በራሳችን አገር አለ። ከ2010 ጀምሮ «አዲስ ተስፋ» በተባለው ሥራ ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለባቸው ሴቶች፥ ማለት የማኅፀን በር ነቀርሳ ይበልጥ የሚያሠጋቸው፥ መድኃኒታቸውን በሚወስዱበት ቦታ በኮምጣጤ አሲድ እየታዩ የተገኘባቸው በዚያው ቀን ይታከሙ ነበር። በአራት ዓመት ያህል ጊዜ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች ታዩ፤ ከመቶ አሥር ያህሉ ምልክት ተገኘባቸው፥ አብዛኞቹም ወዲያው ታከሙ። የሚያሠጋቸው እነማን እንደ ሆኑ አስቀድሞ በመዝገብ ስለ ታወቀ ነው ሥራው የተቃናው። ለጡት እንዲህ ያለ መዝገብ የለም።

መዝገቡ ያለው በሰው አፍ ነው። ወደ ውቤ በረሃ የምንመለሰውም ስለዚህ ነው። በአራዳ ሰፈሮች ዘመድ የሌላት ሴት ዘመዷ ጎረቤቷና ዕድሯ ነበሩ። እገሊት በምን ሞተች፥ ስንት ዓመቷ ነበር፥ ልጇ ማን ትባላለች፤ ይህን የሚያውቁ የዕድሩ ሴቶች ናቸው። ብሮካ የሚስቱን ዘመዶች ጠይቆ የጻፈውን በዚህ ሰፈር ለመጻፍ የሚፈልግ ሰው የዕድር ዳኛዋን መጠየቅ ነበረበት። በ2016 ዓ.ም. ግን በፒያሳ ዙሪያ የነበሩ አሮጌ ሰፈሮች ብዙ ክፍል ለከተማው ልማት ፈርሶ ነዋሪው በከተማዋ ዳርቻ ወደ ተሠሩ ቤቶች ተዛወረ። ስለ ቤቶቹና ስለ መንገዱ ብዙ ተጽፏል። የፈረሱት ቤቶች ቈጥበው ያኖሩት የቤተ ሰብ ሕመም ታሪክ ግን የትም አልተጻፈም፥ የሚያውቁትም እየተበታተኑና እያረጁ ነው። አንድ ነርስ በጤና ጣቢያ ውስጥ ሁለት ጥያቄ ብቻ፥ «ከዘመድሽ በጡት ወይም በእንቁላል ማፍሪያ ነቀርሳ የታመመ አለን? ስንት ዓመቷ ነበር?» ብላ ብትጽፍ፥ ከዚህ መበታተን አንዳች ነገር ይተርፍ ነበር። የእንቁላል ማፍሪያውን የጨመርነው እነዚያ ሁለት ጂኖች እርሱንም ስለሚያመጡ ነው።

አልትራሳውንድን አሳልፈን የተውነው እንዳይመስል ጥቂት እንበል። በአሜሪካ ጡታቸው ጥቅጥቅ ባሉ፥ አደጋቸውም ከፍ ባለ ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት፥ በ2008 እንደ ታተመው፥ ከማሞግራፊ ላይ ሲጨመር ከሺህ ሴቶች አራት ያህል ተጨማሪ ነቀርሳ አገኘ፤ በከንቱ የሚጠረጠሩትን ግን እጅግ አበዛ። ብቻውን ጤነኛን ለማጣራት ደካማ መሆኑን ከካናዳው ቁጥር አይተናል። ነገር ግን እጅ የነካውን እባጭ ውኃ ነው ወይስ ጠጣር ነው ብሎ ለመለየት ከእርሱ የተሻለ መሣሪያ በቅርብ የለም፤ ጨረርም የለውም፥ በየሆስፒታሉም ለነፍሰ ጡሮች ሲባል ይገኛል። እንግዲህ በእኛ አስተያየት ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይመስላል፤ በመጀመሪያ ጥያቄው፥ ቀጥሎ በየመንፈቁ የሠለጠነ እጅ፥ እጅ የጠረጠረውን አልትራሳውንድና መርፌ፥ ከ40 ዓመት በኋላ ማሞግራፊ፥ በቤተ ሰቧ ሁለትና ከዚያ በላይ ለሞቱባት ደግሞ ኤም.አር.አይ. በዓመት አንድ ጊዜ፥ ገንዘቡም ከርሷ ሳይሆን ከመንግሥት ወይም ከመድን። ጓደኛችን የመጨረሻው ሐረግ እንዲጨመር አጥብቆ ጠይቋል፤ እኛም ተስማምተናል።

ሁለተኛ ጊዜ ወደ እመቤቲቱ ስንሄድ ወረቀት ይዘን ነበር። የእናታቸውን፥ የእኅታቸውንና የልጃቸውን ስም በክብ እየከበብን በመስመር አያያዝን። እናታቸው የሞቱት ጣሊያን በወጣ በአሥረኛው ዓመት ገደማ ነው አሉ፤ እድሜያቸውን ግን አያውቁትም። እኅታቸው 44 ዓመታቸው ነበር፤ ይህን የሚያውቁት በታመሙበት ዓመት የልጅ ሠርግ ስለ ነበረ ነው። ሐኪሞች ምርመራ የሚጀምረው በዘመድ ላይ ደዌው ከታየበት እድሜ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ነው ይላሉና ከ44 ላይ 10 ቀንሰን ነገርናቸው። እመቤቲቱ በጣታቸው ጥቂት ቈጥረው፥ «እንዲያ ከሆነ አልፏታል፤ ልጄ ዘንድሮ 41 ሞላት» አሉን። ልጃቸው ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ በከተማዋ ዳርቻ ትኖራለች፤ በሁለት ታክሲ ነው የምትመጣው። በማግሥቱ ደውለው ጠሯት፤ በሳምንቱም ነርሷ ዳሰሰቻት፥ ራጅና አልትራሳውንድም ታዘዘላት። በዚያ ቀን የተገኘ ነገር የለም። ወረቀቱን ለነርሷ ሰጥተናት በካርዷ ውስጥ አኖረችው፤ የሚቀጥለው ቀጠሮ ለስድስት ወር ተጽፏል።